ዘፈኑ የተቋረጠበት ቦታ

ጎጆ፣ ኅዳር 4 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጦይብዬ፣

ሰላምታውን እንዳላበዛው ያለኝ ባዶ ወረቀት ይሄው ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ የተማሪ ፈተና ተጽፎበታል። ደህና ነሽ አይደል? አባትሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። ታወሩ ከተበላሸ ወዲህ ጎጆ ከተማ ውስጥ ስልክ ማለት ሰዓት ማያ ሆኗል። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጡ አስተማሪዎች አሉ፤ እኔ ግን ጉንፋን ሸምቼ ከምመለስ በዋቆ አይሱዙ ደብዳቤ መላክ ይሻለኛል። ድንች ጭኖ በወረደ ቁጥር የኔም ወሬ አብሮ ይወርዳል።

"አዲሱ ዘፈን እናንተ ጋ ደረሰ ወይ? እንዴት ተቀበሉት?" ላልሽው፣ ደርሷል። ያመጣውም ዋቆ ነው፤ አንቺ ሱቅ ባስጫነው ፍላሽ። ተማሪዎቼ ለሁለት ተከፍለዋል። ወንዶቹ "ይሄ እኮ የሰርግ ዘፈን ነበር፣ ልጅቷ የለቅሶ አደረገችው" ይላሉ። ሴቶቹ ግጥሙን የደብተራቸው ሽፋን ላይ እየጻፉ ነው። ፀጉር አስተካካያችን ደግሞ "ሳይዘንብ ድረሺ"ን በድሮው ዘፋኝ ድምፅ ስለሚያውቀው፣ አዲሱ ሲመጣ ማሽኑን አጥፍቶ ይቆማል አሉ፤ የሰውዬው ራስ ግማሹ ተላጭቶ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቤታቸውን የተከራየሁት አዴ ወርቅቱ የሶፎንያስ እናት መሆናቸውን ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። አዎ፣ ያው ሶፎንያስ፣ በ2006 በዚሁ ዘፈን አምቦን ሁሉ ትከሻ ያስመታው። አንድ ዘፈን አውጥቶ፣ ለሁለተኛው ልሥራ ብሎ ወደ ጋምቤላ በኩል ወርቅ ቁፋሮ ሄደ። መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ይኸው ዓመት አለፈው። ሰው ሁሉ በልቡ የየራሱን ያስባል፣ በአፉ ግን የሚደፍር የለም። እሳቸው አልጋውን እያነጠፉ ይጠብቁታል።

ባለፈው ማክሰኞ አዴ ወርቅቱ ወንድማቸው ኦቦ ሃቦኔ ዘንድ ጊንጪ ሊሄዱ የዋቆ ጋቢና ውስጥ ተቀመጡ። ዋቆ ዘፈኑን ከፈተ። መሃል ላይ ልጅቷ ድንገት ዝም የምትልበት ቦታ አለ አይደል? እዚያ ሲደርስ የዋቆን ክንድ ጨምድደው ያዙት፤ መኪናው ገደል ሊገባ ነበር ይላል። "ኢልመ ኮ! ልጄ ነው! አሁን ተነፈሰ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶፎንያስ ሕፃን ሳለ በቅሎ አፍንጫውን ረግጣው፣ አየር ሲስብ በቀስታ ያፏጫል። የድሮውን ዘፈን ሲቀርጹ አቀናባሪው ያቺን ፉጨት አጥፍቷታል፤ ልጁ ራሱ "ሀርሜ፣ እናቴ፣ አፍንጫዬን ከዘፈኑ አወጡልሽ" ብሎ አስቋቸው ነበር። እናም አሁን የሚሉት ይሄን ነው፦ በድሮው ፉጨት የለም፤ በአዲሱ አለ፤ ስለዚህ ልጄ ከዚያች ልጅ ጋር አዲስ ተቀርጿል፤ ስለዚህ በሕይወት አለ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ማስረጃቸው ላይ ስህተት አላገኘሁም።

እባክሽ ለትንሿ ሬዲዮናቸው በሚሞሪ ጭነሽ ላኪልኝ።

መንበረ


አምቦ፣ ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

መንበርዬ፣ የሒሳቧ እመቤት፣

ደብዳቤሽ ድንች ድንች እየሸተተ ደረሰኝ። አባዬ ደህና ነው፤ ጉልበቱን ሲያመው ዱዓ፣ ሲሻለው ጭቅጭቅ ነው። የሶፎንያስን እናት ቤት ተከራይተሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም! አንቺን ምስጢረኛ ያደረገ ሰው ተጠቀመ። ለአዴ ወርቅቱ ሰላም በይልኝ፤ ሶፎንያስ ሲመጣ ሁለተኛው ዘፈን መጀመሪያ የሚወጣው በኔ ሱቅ መሆኑን ከአሁኑ ቃል ያስገቡልኝ።

"እዚያስ ሰው ምን ይላል?" ብለሻል በዋቆ አፍ። ጉድ ነው የሚባለው። አቶ አሻግሬን ታውቂው የለ፣ ክራባቱን ለቅዳሜ ገበያ እንኳ የማያወልቀውን? ሱቄ ድረስ መጥቶ ተቆጣኝ። "እኔ በዚህ ዘፈን ነው ያገባሁት! ሚስቴ አዲሱን ሰምታ አለቀሰች። ይሄ ለኔ ምን ማለት ነው?" የዩኒቨርሲቲ ልጆች "ጋሼ፣ ይሄ ከቨር ይባላል፣ ዘፋኟ በራሷ ስሜት ነው የምትዘፍነው" ሊያስረዱት ሞከሩ። "በራሷ ሰርግ ትዝፈነው!" ብሎ ወጣ። አንዲት ሙሽራ ደግሞ ለቤተ ዘመድ ቀን ይሄንኑ ካልከፈታችሁ አለች፤ እናቷ "አንቺ ልትሞቺ ነው ልታገቢ?" ብላ ጮኸችባት። እኔ ሁሉንም እሺ እያልኩ እጭናለሁ።

ያስቸገረኝ ግን ያ ዝምታ ነው። ለንሳ፣ ዘፋኟ ማለቴ ነው፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ ስትደርስ ጊታሩም እሷም ዝም ይላሉ፤ ያንቺዎቹ ፉጨት የሚሉት ነገር እስ ይላል፤ ከዚያ ምንም። ሰው ሚሞሪው የተበላሸ ይመስለዋል። ባጃጅ ነጂዎች ቴፑን በቡጢ ይመቱታል። "ጦይባ፣ ተቋርጧል፣ ድገሚልን" እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጡኝ። እናም ምን አደረግሁ? በስልኬ ያቺን ቦታ ቆርጬ ጫፍና ጫፉን ገጠምኩት! ልብስ ሰፊ እንኳ ስፌቱን አያገኘውም። አሁን ሁሉም የሚያስጭነው የኔን ነው፤ ቅሬታ የለም። ለአዴ ወርቅቱም ያንኑ ጥሩውን ልኬያለሁ።

ጦይባ


ጎጆ፣ ኅዳር 23 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጦይባ፣

ዛሬ "ጦይብዬ" ያላልኩሽ ተቆጥቼ አይምሰልሽ። ወይም ይምሰልሽ።

የላክሽውን ሚሞሪ ሬዲዮኑ ውስጥ ከትቼ ከፈትኩላቸው። አዴ ወርቅቱ በርጩማቸውን አስጠግተው፣ ነጠላውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ተቀመጡ። ዘፈኑ መጣ፣ ሄደ፣ አለቀ። ሬዲዮኑን አንስተው ገለበጡት፤ ከጀርባው የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው። "ልጄን የት አደረሱት?" አሉኝ። ደገምነው። "መጀመሪያ ፉጨቱን አወጡ። አሁን ትንፋሹን አወጡ። ምን ቀራቸው?" አሉና ሬዲዮኑን ሰጡኝ።

አንቺ ባታውቂ ነው፤ አልፈርድብሽም። ሆኖም ልጃቸውን ሁለተኛ ጊዜ ከዘፈኑ ያወጣሽባቸው አንቺ ነሽና መልሺላቸው። ያልተቆረጠውን ላኪ።

"አንቺስ ምን ትሰሚያለሽ?" ብለሽ በዋቆ ለጠየቅሽኝ፣ እኔም እሰማለሁ። መጀመሪያ በዋቆ መኪና ስሰማው የነፋስ ድምፅ ነው ብዬ ነበር። አንዴ ከነገሩኝ በኋላ ግን ሌላ መስማት አልቻልኩም። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ አንገታቸውን ደፍተው ሲጽፉ፣ ጉንፋን የያዘው አንዱ ልጅ አየር ይስባል፤ ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል። ቤት ስገባ የሶፎንያስ አልጋ በኔ ክፍል ግድግዳ ማዶ ነው። ባዶ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግን ፊቴን ወደዚያ ግድግዳ አድርጌ መተኛት ትቻለሁ። ፈርቻለሁ፣ ምን አደርጋለሁ።

እሳቸው ግን ይሄም ሆኖ ደስ ብሏቸዋል፤ እሱ ነው የባሰው። ለገና ይመጣል ብለው ለገበያው ሁሉ ተናግረዋል። ቤቱን እያስለቀለቁ ነው። አንድ በግ ገዝተው ገብስ እያበሉ ያደልባሉ፤ በየማለዳው ጀርባውን ዳሰው "ገና ነህ" ይሉታል። አንዳንዱ ሰው "እሰይ" ይላቸዋል፤ አንዳንዱ መንገድ ይቀይራል። ገና ደርሶ ልጁ ካልመጣ እኚህ ሴትዮ ምን ይሆናሉ? ሳስበው ያመኛል።

አንቺ እዚያው ነሽ። ለንሳን ፈልገሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂልኝ፦ ያ ትንፋሽ የሶፎንያስ ነው ወይ? ከሆነስ ልጁ አሁን የት ነው?

መንበረ


አምቦ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

እህቴ መንበረ፣

አፉ በይኝ። አዴ ወርቅቱም አፉ ይበሉኝ። ያልተቆረጠውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ሚሞሪው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ታውቂያለሽ፣ ያንን ዘፈን ስንት ሰው ሚሞሪ ላይ እንደጫንኩ እንጃ፤ አንድ ቀን ግን ተቀምጬ አልሰማሁትም ነበር። ዳቦ ጋጋሪ ዳቦ አይርበውም እንደሚባለው ነው። ደብዳቤሽ ሲመጣ ሱቁን ገርበብ አድርጌ በትልቁ ስፒከር ከፈትኩት። እሷ ትዘፍናለች፣ ትዘፍናለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። ቀጥሎ አንድ ሰው አጠገቤ ቆሞ አየር ሳበ። ዞር ብዬ አየሁ። ቆርጬ የጣልኩት ነገር ሰው ነበር መንበርዬ፤ በጣቴ ስክሪን ላይ ጎትቼ የጣልኩት።

አባዬ ከሱቁ ጀርባ ነበር። ዘፈን እንደማይሰማ ታውቂያለሽ፤ ሲከፈት "ቀንሺው" ይላል እንጂ ሌላ ቃል የለውም። ያን ቀን ግን በምርኩዙ ብቅ አለ። "ይሄ ሰው ምን ሊል ነበር?" አለኝ። "የቱ ሰው?" አልኩት። "ሊናገር ትንፋሹን የሰበሰበው።" ቆሞ ትንሽ ጠበቀና "ሱብሃነላህ" ብሎ ተመለሰ።

የቆረጥኩትን ከኮምፒውተሬ ላይ አጥፍቻለሁ። "ተቋርጧል" እያሉ እንደገና ይመጡብኝ፣ ይምጡ።

ለንሳ የጉደር ልጅ ናት ብለውኛል፤ ከድልድዩ ወዲያ ሻይ ቤት አላት። ቅዳሜ ሱቁን ለአጎቴ ልጅ ለመድና ትቼ እሄዳለሁ። ለአዴ ወርቅቱ ንገሪያቸው፤ ሶፎንያስ ሲመጣ የቆረጥኩትን ትንፋሽ ካሳ እከፍለዋለሁ።

ጦይባ


አምቦ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም.

ውድ እህቴ መንበረ፣

ከምንም አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ብርዱ እንዴት ነው? ውርጭ ገብሱን ነካው የሚባለው እውነት ነው? ጉንፋንሽን ዝንጅብል በማር ጠጪበት። አባዬ በጣም ሰላም ብሎሻል፤ መድናም እንዲሁ። ሱቁ ደህና ነው፤ ሥራው ደህና ነው፤ ሁላችንም ደህና ነን።

ጉደር ሄጄ ነበር። ቀኑ ፀሐይ ነበር፣ መኪናው አልተጣበበም። ወንዙ ጎድሏል፤ ፏፏቴው ዘንድ ሙሽሮች ፎቶ ሲነሱ አየሁ። ሽንኩርት ረክሶ ትንሽ ገዛሁ። ለንሳን አግኝቻታለሁ፤ ጥሩ ልጅ ናት። ጉንፋን ይዟት ነበርና ብዙም አላወራንም። ሌላ ጊዜ እናወራለን ተባብለን ተለያየን።

ለአዴ ወርቅቱ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። እንዴት ናቸው? ምግብ ይበላሉ? ብቻቸውን አታስቀምጫቸው፤ ከትምህርት ቤት ስትወጪ ቶሎ ግቢ። ፈጣሪ ዕድሜና ብርታት ይስጥልኝ በያቸው። ለእሳቸው ብዬ አንድ ጋቢ፣ ስኳርና ዘይት በዋቆ ልኬያለሁ። በዓሉ እየደረሰ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

በቸር ያገናኘን።

እህትሽ ጦይባ


ጎጆ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጦይባ፣

ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ስለ ወንዙም። የጠየቅኩሽን አንድ ነገር ትተሽ ሌላውን ሁሉ መልሰሻል። አንቺ ከሰው ጋር ሰላም ለመባባል እንኳ ቀልድ የምትጨምሪ ልጅ፣ ይሄን "ከምንም አስቀድሜ" የሚል ደብዳቤ ማን አጻፈሽ? ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ነው የሚመስለው።

አሁን የሆነውን ስሚ። አዴ ወርቅቱ ደብዳቤሽን አንብቢልኝ አሉ። ሁልጊዜ አነብላቸዋለሁ፤ "ሶፎንያስ ሲመጣ" የምትይውን እንድደግመው ያዙኛል። ጋቢውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ስጨርስ "ሰላምታውን ድገሚልኝ" አሉ። ደገምኩት። "ሌላ የለውም?" "የለውም።" ጋቢውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። "ደህና ልጅ ናት። ጋቢ አለኝ፣ በርዶኛል ብዬም አላውቅም። ስኳሩ ደግሞ ለብዙ ሰው ነው" አሉ። ከዚያ ጋቢውን አጥፈው አስቀመጡና፣ "የልጄን ስም አልጠራችም" አሉ።

እኔ ረስታው ነው፣ ተቻኩላ ነው፣ ብዙ ቀባጠርኩ። ወጥተው በጉ ዘንድ ሄዱ። በመስኮት አየኋቸው፤ ጀርባውን አልዳሰሱትም፣ አጠገቡ ቆመው ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቤቱ ልቅለቃ ቆሟል። አንዱ ግድግዳ አዲስ፣ ሦስቱ እንደነበሩ ናቸው። ይመጣል አይሉም። አይመጣም አይሉም። ዘፈኑን ክፈቺልኝ ማለት ግን አልተዉም፤ በቀይ ምልክት ያደረግሽበትን። እዚያች ቦታ ሲደርስ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የሚቆጥሩ ወይም የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።

ትናንት ይሄንን ደብዳቤ ልጽፍ ስቀመጥ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? "ልጅቷን አታስጨንቂያት። አትቸኩል በያት። በዓሉ ይለፍ።" ምኑ ነው የሚያልፈው? ጦይባ፣ እኔ ብቻ ነኝ እዚህ ቤት ያላወቅኩት?

መንበረ


አምቦ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

መንበርዬ፣

እህቴ፣ አዎ። ሞቷል።

ያልነገርኩሽ ስላላመንኩሽ አይደለም። ፊትሽ ምንም አይደብቅም፤ ፈተና ስትወድቂ እንኳ ሰፈሩ በሙሉ ከፊትሽ ነበር የሚያነበው። ጉደር በሄድኩ ማግሥት ጊንጪ ሄጄ ለኦቦ ሃቦኔ ነገርኳቸው። እህል መጋዘናቸው ደጃፍ ጆንያ ላይ ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ አልተነሱም። ከዚያ "ለእናት መርዶ በበዓል ፊት አይነገርም። በግ እያደለበች ነው። ገና ይለፍ፣ እኔ ራሴ ሽማግሌ ይዤ በማለዳ እመጣለሁ። ቤቷ ላለችው አስተማሪም ቢሆን አትንገሪ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ሞቱን ስደብቅ ስሙን አብሬ ደበቅኩት። ስሙን ብጽፍ ብዕሬ ይናገራል ብዬ ፈራሁ፤ እሳቸው ደግሞ ያለመጻፌን አነበቡት።

ለንሳ የነገረችኝን ልንገርሽ። ቁፋሮው ቦታ ሻይ ትሸጥ ነበር። ሶፎንያስ ሊያገባት ነበር፤ ለአምና ገና ጎጆ ወስዶ ለእናቱ ሊያሳያት ተስማምተው ነበር። አንድ ጠዋት ከሥራ በፊት "ያንን ዘፈንህን ዝፈንልኝ፣ በስልኬ ልቅረጸው" አለችው። አንገራገረና እሺ አለ። አየር ሳበ። ሊጀምር ሲል ጓደኞቹ ከጉድጓዱ አፍ "ኮቱ! ና!" ብለው ጠሩት። ስቆ፣ "ስመለስ" ብሏት ሄደ። አፈሩ የተናደው በዚያው ቀን ነው። ቀሪዎቹ ልጆች ደንግጠው በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ ሬሳው ያለው እዚያው አፈር ውስጥ ነው።

እሷ የእናቱን ስም እንኳ አታውቅም፤ "ሀርሜ" ሲል ብቻ ነው የሰማችው። ጎጆ መጥታ ማንን ትጠይቅ? ሚስት አልሆነች፣ ዘመድ አይደለች፣ መርዶ ብቻዋን ይዛ በማን በር ትቁም? ስለዚህ ዘፈኑን ዘፈነችው። አቀናባሪው ያችን ትንፋሽ ሊያወጣት ሲል "ይቺን ካወጣህ አልዘፍንም" አለችው። "የሚያውቀው ሰው ይሰማዋል፤ የሚሰማው ሰው ሊጠይቀኝ ይመጣል ብዬ ነው" አለችኝ። ሻይ ቤቷ ገብቼ "ያ ትንፋሽ የማን ነው?" ስላት፣ ብርጭቆውን አስቀመጠችና "መጣሽ?" አለችኝ። ያንን ቃሏን እንዴት ልርሳው?

ያቺን ትንፋሽ ነው እኔ የቆረጥኳት፤ ሰው እንዲመጣላት ያስቀመጠችውን። አዴ ወርቅቱ ባይሰሙት ኖሮ ማን ይመጣላት ነበር?

ጥር 2 ሲነጋጋ ይመጣሉ፤ ለንሳም አብራ። ውሻውን እሰሪው። አንቺ አታልቅሺ፣ ቢያንስ መጀመሪያ።

ጦይባ


ጎጆ፣ ጥር 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጦይብዬ፣

"እንዴት ሆነ?" ብለሽ በዋቆ ጠይቀሽኛል። በአፌ ለዋቆ መናገር አልቻልኩም ነበር። አሁን ልጻፈው።

ገናን ዋልን። በጉ ታረደ፤ ለጎረቤት ሁሉ ሥጋ ሰደዱ፣ እሳቸው አልቀመሱም። በማግሥቱ አይቼ እንዳላየሁ ያለፍኩት ነገር አለ፤ የሶፎንያስን አልጋ ፍራሹን ጠቅልለው፣ አልጋውን ወደ ጓሮ አውጥተውት ነበር። ብዙ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ እያስለቀቁ ነበር ጦይብዬ።

ጥር 2 ሊነጋጋ ሲል ውሻውን ላስር ወጣሁ። አስቀድሞ ታስሯል፤ የቀኑን ነገር ከፊቴ አንብበውት ይሆናል። የግቢው በር ክፍት ነው። አዴ ወርቅቱ ያንቺን ጋቢ ለብሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሣሩ ላይ ውርጭ እንደ ጨው ተነስንሷል። ኦቦ ሃቦኔ፣ ቄሱና ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ፤ ለንሳ ከኋላ ነበረች፣ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ስለ መንገዱ፣ ስለ እህሉ ጀመሩ። ኦቦ ሃቦኔ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

ያኔ እሳቸው ተናገሩ። "ወንድሜ፣ አትጨነቅ። ልጄ አየር ሲስብ ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ደጋግሜ ሳዳምጥ ሲያወጣው አልሰማሁም። ብዙ ቀን ጠበቅሁት፣ አላወጣውም። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻ ንገሩኝ።"

ነገሯቸው። እሳቸው ግን የሚያዩት ለንሳን ነበር። "ሲሄድ ስቆ ነበር?" አሏት። "ስቆ ነበር ሀርሜ" አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ለቅሶ አልጽፈውም። አንቺ አታልቅሺ ያልሽኝን አልጠበቅኩም፤ ከሁሉም በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሰው ጢም ብሎ ሳለ "ሬዲዮኑን አምጪ" አሉኝ። ጭቅጭቅ ተነሳ። ቄሱ "በለቅሶ ቤት ዘፈን?" አሉ። አንድ ሽማግሌ ነውር ነው አሉ። የሶፎንያስ የትምህርት ቤት ጓደኞች "ከሆነ የድሮው ይከፈት፣ እሱ የደስታ ልጅ ነበር" አሉ። ሌሎቹ አዲሱ ነው የሚገባው አሉ። አዴ ወርቅቱ ሁሉንም አስጨርሰው፣ "ሬሳ አላመጣችሁልኝም። ያለኝ ይሄ ነው" አሉ። ቄሱ ራሳቸው ተነስተው ሬዲዮኑን ከእጄ ተቀብለው አጠገባቸው አስቀመጡላቸው።

ለንሳ ሬዲዮኑ ውስጥ ዘፈነች፣ ለንሳ እናቱ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ያቺ ቦታ ደረሰች። ሶፎንያስ አየሩን ሳበ፤ ፉጨቷን ቤቱ ሁሉ ሰማት። ዝም። ውጭ እንጨት የሚፈልጠው ሰው ሳይቀር አቆመ። በዚያ ዝምታ ውስጥ አዴ ወርቅቱ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአፋቸው፣ በረጅሙ፣ እስኪያልቅ ድረስ ትንፋሽ አወጡ።

እሳቸው ናቸው ያወጡለት። ከዚያ ዘፈኑ ቀጠለ።

ዛሬ ከግድግዳው ማዶ የሚተነፍስ ሰው አለ፤ ለንሳ ናት። አርባው እስኪወጣ አትሄጅም ብለዋታል።

መንበረ


አምቦ፣ ጥር 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

መንበርዬ፣

ደብዳቤሽን ለአባዬ አነበብኩለት። ሲያልቅ ምርኩዙን ይዞ ተነሳ። "አንድ ቀን ጎጆ ውሰጂኝ" አለኝ። ለጉልበቱ ብርዱ አይሆነውም ብዬ ብነግረው አልሰማኝም፤ ለአርባው እንመጣለን።

ስለ ሱቁ ጠይቀሻል። ዘፈኑ አሁንም ይጫናል። ወሬው ግማሹ ጋ ደርሷል፣ ግማሹ ጋ አልደረሰም። አቶ አሻግሬ መጥቶ ነበር፤ ተለሳልሶ "ያንን አዲሱን ጫኝልኝ፣ ለሚስቴ ነው" አለኝ። ክራባቱን እየነካካ ቆየና "ለኔም" አለ። ሌሎች አሁንም ተበላሸ ይላሉ፤ አልፈርድባቸውም፣ እኔም ብያለሁ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ከጊንጪ የመጣ ባጃጅ ነጂ ሚሞሪውን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው። "እህት፣ ዘፈኑ መሃል ላይ ይቋረጣል። ወይ አስተካክይ ወይ ቀይሪልኝ" አለ። ሚሞሪውን አንስቼ በትልቁ ስፒከር ከፈትኩለት። ያቺ ቦታ ስትደርስ እጁን ወደ ስፒከሩ ሰነዘረ፣ ሊመታው።

እጁን ያዝኩት። "አልተቋረጠም" አልኩት። "ትንፋሽ እየወሰደ ነው። አንተ አውጣለት።"

ጦይባ